ደማ፣ ሁሩሙ፣ ቁጥር ሦስት

ሰው «ምን ተማሩ?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ማይክሮባዮሎጂ» ብዬ መመለስ ከተውኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። መቱ ላይ ይህን ቃል የሚናገር ሰው ከሁለት አንዱ ይደርስበታል። ወይ ሐኪም መስሏቸው የወገባቸውን ሕመም ይዘረዝሩለታል፤ ወይ ማይክራፎን ጠጋኝ መስሏቸው የተበላሸ ድምፅ ማጉያ ያመጡለታል። ሁለቱም ደርሰውብኛል። ስለዚህ «በዓይን የማይታዩ ነፍሳትን አጥንቻለሁ» ማለትን መረጥኩ። አንዲት ጎሬ የሚኖሩ እትዬ ይህን ሰምተው «የማይታዩ ከሆነ እንዳሉ በምን አወቅህ?» አሉኝ። ከዚያ የተሻለ የሳይንስ ጥያቄ ከመምህሮቼም አልሰማሁም።

በእኔ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ በዚህ ሙያ የወጣነው ልጆች ተሰብስበን አንድ ሚኒባስ አንሞላም ነበር። ዶርም ውስጥ «ጀርሞቹ መጡ» ይሉን ነበር። ሁላችንም ግን ሥራ አገኘን። አንዱ ክትባት ወደሚዘጋጅበት ቤት ገብቶ ጥንቸል ሲመግብ አረጀ። አንዷ ወተት ማቀነባበሪያ ገብታ እርጎ በሰዓቱ እንዲረጋ አደረገች። አንዱ ቢራ ጠመቃ ገባ፤ ከሁላችን ቀድሞ መኪና የገዛውም እሱ ነው። ሌላው ሙያውን እርግፍ አድርጎ ትቶ በርበሬ ነጋዴ ሆነ፤ ነገር ግን አንድም ቀን በርበሬው ሻግቶበት አያውቅም፤ ትምህርት እንዲህ ሳያስቡት ይከተላል። እኔ ወደ ኢሉባቦር ተመልሼ አክታ መረመርኩ፤ ከጎሬ እስከ ሁሩሙ ያለውን ምንጭ ሁሉ በጠርሙስ እየቀዳሁ አየሁ፤ በመጨረሻም ወጣት የላቦራቶሪ ባለሙያዎችን የእጅ ሥራ አስተማርኩ። ከእጄ ያለፉት ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሰላም የሚሉኝ ጣቶቻቸውን አጥፈው ነው። ጥፍራቸውን የማላይ ይመስላቸዋል።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ነው። ወላጆቹ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ፣ እሱ እዚሁ ያደገ፣ በገበያው መግቢያ ላይ በአንድ የስፌት መኪና ሦስት ልጆች ያስተማረ ሙስሊም ነው። የመጀመሪያ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገብታ አንደኛውን ዓመት እንደጨረሰች የትምህርት ክፍል ምርጫ መጣ። አባት አካውንቲንግ እንድትማር ፈለገ፤ እሷ ደግሞ ማይክሮባዮሎጂ አለች። ሁለቱም ዳኝነት ፍለጋ ወደ እኔ መጡ። እኔም ማንም ያላቋረጠው ረጅም ንግግር አደረግሁ። አባትየው እስከ መጨረሻው ሰምቶ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ጋሼ፣ ሥራ አለው?»

«ውሃ ባለበት፣ ምግብ ባለበት፣ በሽታ ባለበት ሁሉ ሥራ አለው» አልኩት። ዓረፍተ ነገሩ ስላማረ እኔም አመንኩት።

ልጅቱ በጥሩ ውጤት ተመረቀች። ከዚያ በኋላ ዓመት ከመንፈቅ ቤት ተቀመጠች። ማስታወቂያው ሁሉ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ልምዱን የሚሰጥ ግን አንድም ማስታወቂያ የለም። ለቃለ መጠይቅ የጠራት አንድ ቢራ ፋብሪካ ብቻ ነበር። አባት «አራት ዓመት ያስተማርኩሽ ቢራ እንድትጠምቂ ነው?» አለ። እሷም መጥመቁ የሌሎች መሆኑን፣ የእሷ ሥራ ንጽሕናውን መቆጣጠር ብቻ እንደሆነ አስረዳችው። «ንጹሕ ሐራም» አላትና ነገሩ በዚያው ተዘጋ። እኔም ደነገጥኩ። ውሃ፣ ምግብ፣ በሽታ ብዬ ስቆጥር፣ በዚህ አገር ለሙያችን በሩን ከሁሉ በፊት የሚከፍተውን ቢራን ረስቼው ነበር።

በመጨረሻ አባት ቁርጡን ተናገረ። ቤደሌ ከተማ የስልክ ዕቃ መሸጫ ያለው ወንድም አለው፤ መስከረም ሲጠባ ልጅቱ ሄዳ ሱቁን ትይዛለች። እሷ ለእኔ ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። «የስልክ መሸፈኛ ለመሸጥ ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም፤ ቢያንስ ዓይኔ ያርፋል» አለችኝ፤ ግን ይህን ስትል የዲግሪዋን ቅጂ እያጣጠፈችና እየዘረጋች ነበር። አባትየውም ሰላምታ ይቀንስብኝ ጀመር። ቀድሞ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ባለቤቴ፣ ስለ ጎመኑና ስለ ላሟ ሳይጠይቅ አያልፍም ነበር፤ አሁን «ሰላም ነው ጋሼ» ብሎ ብቻ ያልፋል። በእኛ ሰፈር ሰላምታ ማሳጠር ከስድብ ይከብዳል።

ክረምቱ ሲያጋምስ፣ ወደ ጎሬ በሚወስደው መንገድ የተከፈተ አንድ አነስተኛ የማር ማጣሪያ የጥራት ተቆጣጣሪ እንደሚፈልግ ማስታወቂያ ለጠፈ። አንድ ሰው፣ ልምድ የማይጠየቅበት፣ በተግባር ፈተና የሚመረጥ። ሥራ አስኪያጁ ቤቴ ድረስ መጥቶ ፈታኝ እንድሆንለት ጠየቀኝ። የተመዘገቡትን ዝርዝር ሳይ የጎረቤቴን ልጅ አገኘኋት፤ አልሆንም ብዬ መለስኩት። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገበያ ደረሰ፤ አመሻሹ ላይ ልብስ ሰፊው መጣ።

«ጋሼ፣ ፈታኝ ይሁኑ ቢሉዎት እንቢ አሉ ተባለ።»

«እውነት ነው። ጎረቤት ጎረቤቱን አይፈትንም።»

«ወደዚህ ነገር ያስገቧት እርስዎ ነዎት። አሁን በሩ ላይ ስትደርስ ነው ጎረቤትነትዎ የታወሰዎት?»

ትክክል የሠራ ሰው ሁልጊዜ መልስ አለው ማለት አይደለም። መፈተን ባልችልም ማስተማርን የሚከለክለኝ እንደሌለ ነገርኩትና ልጅቱን ነገ ጠዋት እንዲልካት አልኩት። እሱም፣ ይህ ፈተና ካልሆነ መስከረም ላይ የቤደሌው መኪና እንደማይቀር፣ ከዚያ በኋላም እኔ እንዳልለምነው አስጠንቅቆ ሄደ።

የቀረን ሦስት ሳምንት ነበር። የጓሮውን ክፍል ላቦራቶሪ አደረግሁት። ዕቃ ማምከኛ የባለቤቴ የግፊት ድስት ሆነ። ነፍሳቱን የምናራባበትን ምግብ ከድንች መረቅና ከስኳር አዘጋጀን፤ የሚያረጋውን ዱቄት ከአንድ የቀድሞ ተማሪዬ ለምኜ አገኘሁ። ባለቤቴ ድንች ስትልጥ «ለማን ነው? ለጀርሞቹ ከሆነ ጨው ልተው» ትል ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ ምግቡን ባረጋንባቸው ባለ ክዳን ሳህኖች ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ሆነው የበቀሉትን እርሾዎች ባሳየኋት ጊዜ ግን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችና «ከእኛ ዶሮዎች ይልቅ እነዚህ ያድጋሉ» አለች።

እኔ ሕግ አለኝ፤ ሕጌንም አልሸሽግም። በተከፈተ ሳህን ላይ አይወራም። ስም የሚጻፈው በክዳኑ ላይ ሳይሆን በሳህኑ ሥር ነው፤ ክዳን ይለዋወጣልና። ናሙና የሰጠው ሰው የተናገረው ቃል እንዳለ ይመዘገባል፤ እኛ አናሳምረውም፣ አንተረጉመውም። ልጅቱ ሁሉንም ትሰማለች፤ ግን እንደ አባቷ ምላሷ ስል ነው። አንድ ቀን ናሙና የምንወስድበትን ሽቦ በአልኮል ኩራዙ ላይ አቅልታ ሳህን ልትከፍት ስትል ትንፋሿን ያዘችና በዓይኗ ጠየቀችኝ። ቀጥሎ በቀስታ፦

«ጋሼ፣ መተንፈስ ይፈቀዳል?»

«ወደ ጎን» አልኳት።

የማር ጠላቱ ውሃ ነው። ሳይበስል የተቆረጠ ማር ውሃው ይበዛል፤ ውሃው ሲበዛ በውስጡ አድፍጠው የሚኖሩ እርሾዎች ይነቃሉ፤ ማሩ ይፈላል፣ አረፋ ያወጣል። ስለዚህ ለልምምድ እውነተኛ ማር ያስፈልገን ነበርና ሁሩሙ ወደሚኖር ንብ አንቢ ወዳጄ ሄድኩ። ከእሱ ጋር የምንጫወተው በኦሮምኛ ነው፤ እዚህ አገር ወሬ በአንዱ ቋንቋ ተጀምሮ በሌላው ያልቃል፤ ማንም ልብ አይልም። ሦስት ጠርሙስ ሰጠኝ። ሦስተኛው እንደ ሻይ ቅጠል ውሃ የቀላ፣ ጠቆር ያለ፣ ከሁሉ የቀጠነ ነበር። «ደማ» አለኝ፤ በኦሮምኛ ማር ማለት ነው። እኔም በሕጌ መሠረት የሰውየውን ቃል እንዳለ፣ በለመድኩት የአማርኛ ፊደል፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ በየጠርሙሱ ላይ አሰፈርኩ። በሦስተኛው ላይ የጻፍኩት እንዲህ የሚል ነበር፦ «ደማ። ሁሩሙ። ፫።»

ፈተናው ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ልጅቱ ሦስተኛውን ጠርሙስ ቤቷ ወስዳ መልኩንና አረፋውን በየሰዓቱ እየመዘገበች እንድታድር ነገርኳት። ክዳኑን እንዳትከፍተውም አስጠነቀቅኳት።

በማግስቱ ቁርሴን ሳልጨርስ የግቢው በር ተንኳኳ። ልብስ ሰፊው ነበር። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር የሞተ ወፍ እንደያዘ ሰው ከሰውነቱ አርቆ ይዟል። ግባ ብለው አልገባም፣ ተቀመጥ ብለው ቆሜ ልናገር አለ። ከዚያም ጋዜጣውን ገልጦ ጠርሙሱን አሳየኝ።

«ጋሼ፣ ይህ የእርስዎ ጽሑፍ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«የማን ነው?»

የናሙናውን ምንጭ የጠየቀኝ መሰለኝ። ሰውየው በልጁ ሥራ መግባቱ ደስ አሰኘኝና «የሁሩሙው ወዳጄ» አልኩት።

«ሦስቱም?»

«ሦስቱም። ምን ቸገረው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ይቆርጣል።»

«ራሱ ነው የሚቆርጠው?»

«ልጆቹ ይረዱታል። እሱ ጭሱን ይይዛል፣ እነሱ ይቆርጣሉ። ዘንድሮ ቸኩለው ቆረጡና ቀጠነባቸው እንጂ።»

«ሰውየው አይጎዳም?»

«ለምዶታል። አንዳንዴ ፊቱ ያብጣል፤ በሁለት ቀን ይድናል።»

ልብስ ሰፊው ጠርሙሱን ቀስ ብሎ በበሩ ምሰሶ ሥር አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ የተናገረው ሌሊቱን ያሰበበት ሳይሆን እዚያው የቆረጠው ነገር እንደሆነ ድምፁ ያሳብቅ ነበር።

«አከብርዎታለሁ ጋሼ። ነገር ግን የእኔ ልጅ የሰው ደም በቦርሳዋ ይዛ አትዞርም፤ ወላሂ አይሆንም። ከሰዓት በኋላ በሚወጣው መኪና ቤደሌ ትሄዳለች። ፈተናውም ይቅር።»

ያን ጊዜ ጽሑፌን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሌላ ሰው ሆኜ አነበብኩት። በአማርኛ ለሚያነብ ሰው፣ ሁሩሙ ላይ ሦስት ሰው ደምቶ ነበር። ለማስረዳት አፌን ስከፍት ልጅቱ ሻሿን ግማሽ እንዳሰረች በሩጫ ደረሰች። ገና ከደጅ እንዳለች ትናገራለች።

«አባዬ፣ ማሬን የት ወሰድከው?»

ባለቤቴ ከማድ ቤቱ በር ላይ ሆና ሁሉንም ትሰማ ኖሮ፣ በርጩማው ላይ ተቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ልብስ ሰፊው ጎንበስ ብሎ ጠርሙሱን አነሳና ጽሑፉን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ እንደገና አነበበ። ቀኑን ሙሉ ከደንበኞቹ ጋር በኦሮምኛ ሲከራከር የሚውል፣ በየሳምንቱ ገበያ «ደማን ሜቃ?»፣ ማሩ ስንት ነው እያለ የሚገዛ ሰው ነው።

«ደማ» አለ ቀስ ብሎ። በዚህ ጊዜ በኦሮምኛ ነበር።

ልጅቱ ግን የምታየው ክዳኑን ነበር። «ከፍተኸዋል?» አለችው።

«ለማረጋገጥ ከፈት አድርጌ አሸተትኩት።»

«አሽትተኸውማ ማር መሆኑን አላወቅክም?»

«አፍንጫዬን ይዤ ነው ያሸተትኩት።»

ባለቤቴ ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች። ልጅቱ አልሳቀችም። ጠርሙሱን ተቀብላ ወደ ብርሃን አዙራ ተመለከተችውና ናሙናው እንደ ተበላሸ፣ ሥራውን ሁሉ እንደ አዲስ እንደምትጀምር ተናገረች። አባቷ በመክፈቱ ብቻ ነው ወይ ሲላት፣ በመክፈቱ ብቻ እንደሆነ፣ ከአየሩም ከእጁም የሚገባ እንዳለ፣ አሁን በጠርሙሱ ውስጥ ያለው የንቡ ይሁን የእሱ ማንም ሊለይ እንደማይችል አስረዳችው። የተናገረችው እንደ ልጅ አልነበረም፤ አደራ እንዳለባት ሰው ነበር። እሱም መዳፉን ገልብጦ አየው። ስለ ሥራዋ ሲያነጋግራት የሰማሁት ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

«ለፈተናው ይደርሳል?» አላት።

«አሁን ከጀመርኩ ይደርሳል።»

«እንግዲያ ጀምሪ። ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ?»

እሷ ወደ ጓሮው ክፍል ስትገባ ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ ለስንቱ ልጅ ስለ ጽሑፍ ሲቆጡ ኖረዋል። እኔ ያልተማርኩት እንኳ ሱሪ ላይ በጠመኔ 'ሱሪ' ብዬ ነው የምጽፈው» አለኝ። ተገቢ ነቀፋ ነበር፤ ተቀበልኩት። የሰውየውን ቃል እንዳለ መመዝገቤ ትክክል ነው፤ በየትኛው ቋንቋ እንደተናገረው አለመጻፌ ግን ስሕተት ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ሕጌ በአንድ ዓረፍተ ነገር ረዝሟል።

የፈተናው ዕለት አብሬያት አልሄድኩም፤ ፈታኝ ያልሆንኩትን ያህል አጃቢም መሆን አልፈለግሁም። በሚኒባስ ብቻዋን ሄዳ ብቻዋን ተመለሰች። እንዴት ነበር ስላት፣ ስድስት ተፈታኞች እንደነበሩ፣ አንዱ ስሙን ክዳኑ ላይ እንደጻፈና እሷ ልትነግረው ፈልጋ እንደተወችው ነገረችኝ። «ብነግረው እርስዎ ይቀየሙኝ ነበር ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። እስካሁንም እርግጠኛውን መልስ አላውቅም።

ውጤቱ ሲለጠፍ ሁለተኛ ወጣች፤ «ተጠባባቂ» ተባለች። አባቷ ቃሉን አልወደደውም። ተጠባባቂ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጠይቆኝ፣ የሚጠብቅ ማለት ነው ስለው «ይህንንማ ዓመት ከመንፈቅ ስትሠራው ኖራለች» አለ። ቢሆንም ወንድሙ ከቤደሌ ደጋግሞ ቢደውልም፣ ልጅቱ ሥራ ላይ ናት፣ ትጠብቃለች እያለ ይመልስለት ነበር። መስከረም ጠባ፤ አለቀ። ጥቅምት ላይ አንደኛ የወጣው ወጣት የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ሥራውን ለቀቀና ልጅቱ ተጠራች። ወጣቱ የት እንደሄደ አባት የሰማው ከእኔ ነው።

«የት ሄደ አሉ?»

«ቢራ ፋብሪካ።»

መቀሱን አስቀመጠ። «ለቢራ ምስጋና አላቀርብም» አለ። «ግን አልሐምዱሊላህ።»

ሥራ በጀመረች በአምስተኛው ወር ገደማ ልብስ ሰፊው እንደገና በሬን አንኳኳ። ሰላምታው ረጅም ነበር፤ ስለ ላሟም ጠየቀ። ከዚያ ፊቱን አጨፍግጎ ክስ ጀመረ። የሚስቱ ወንድም ከሶር ፏፏቴ ወዲያ ቀፎ አለው። አራት ጀሪካን ማር በአህያ፣ ከዚያም በመኪና ጭኖ፣ የእህቴ ልጅ አለች ብሎ ተማምኖ ማጣሪያው ድረስ ሄደ። ልጅቱ እጁን ስማ ተቀበለችው፣ ሻይ አስመጣችለት፣ ከዚያ ከየጀሪካኑ ጠብታ ወስዳ በመሣሪያዋ ለካችና አራቱንም መለሰችበት። ቤተሰቡ ተቀይሟል። ሚስቱ አኩርፋለች።

«ምን አለችው መሰለዎት?» አለኝና ሳይታወቀው ቀና ብሎ ቆመ። «'አጎቴ፣ ማርዎ ጥሩ ነው፤ ቸኩለው ቆረጡት እንጂ። ውሃው ስለበዛ ከሌላው ጋር ባደባልቀው የሰውን ሁሉ ማር ያፈላብኛል። የሚቀጥለውን፣ ንቡ በሰም እስኪከድነው ይታገሡና ያምጡልኝ፤ እኔው እቀበልዎታለሁ' አለችው። ሰው ሁሉ እየሰማ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገች፣ ዝቅ አላደረገች።»

ይህን ሲናገር የልጁን የእጅ አያያዝ ሳይቀር ያሳየኝ ነበር፤ ክስ መሆኑንም ረስቶታል። ከዚያ ትዝ አለውና እንደገና ፊቱን አጨፈገገ። ለልጅቱ ደውዬ ቢያንስ ሁለቱን ጀሪካን እንድትቀበል እንድመክራት ቤተሰቡ እንደላከው ነገረኝ።

«እኔ ማሩን አላየሁትም» አልኩት። «ያየችው እሷ ናት።»

«እኔም ለሚስቴ ወንድም እንደዚሁ ነው ያልኩት።»

«ታዲያ ለምን መጣህ?»

«ሌላም ሰው ይስማ ብዬ» አለኝ፤ ኮፍያውን አስተካክሎም ወደሚቀጥለው ጎረቤት በር አመራ።